ላምባውን አስወጣሁት ብዬ ነበር

ሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ወይም ስልሳ ሦስት። የተወለድኩበትን ቀን የጻፈ ሰው ስለሌለ ከዚህ በላይ አልምልም። ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ብዙም አልቆየችም። ከተማው ውስጥ የቢሮው በር ሁሉ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ወንበሩ ግን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው በሰው ትከሻ ይዞራል። ልጄ ኦቦንግ ከነዚያ ቢሮዎች በአንዱ ተላላኪ ሆኖ ተቀጥሮ እዚያው ከተማ ይኖር ነበር። እኔ ከሚስቱ ከአቻላና ከልጁ ከአሪየት ጋር ከኢታንግ በታች፣ ባሮ ዳር ባለችው መንደራችን ነኝ። አሪየት ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፣ ቸርች ውስጥ፣ ከልጆች ጋር ቁጭ ብዬ። እጄ ቀስ ብሎ ነው የሚጽፈው። ይህን የምጽፈው ትንሽ ልጅ ያለው ሰው እንዲያነበው ነው። ማንበብ የማይችል ካለ የሚችለው ያንብብለት። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ እሱኑ ነው የምናገረው።

እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። ማታ ማታ ፋኖስ ይዤ እወጣለሁ፣ ስለዚህ ላምባ ከቤቴ አይጠፋም። ላምባ ያልኩት ያንን ነጭ ጋዝ ነው። በጠርሙስ ገዝቼ፣ አፉን በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፌ፣ ጣራው ሥር እሰቅለዋለሁ። እዚያ ሕፃን አይደርስም። እስከዚህ ድረስ እጠነቀቃለሁ። ነገር ግን ከጠርሙሱ በቀጥታ ወደ ፋኖሱ ሳፈስ እየተደፋብኝ ስለሚባክን፣ መጀመሪያ ወደ ትንሽ ቅል እቀዳና ከቅሉ ቀስ አድርጌ እጨምራለሁ። ያቺው ቅል ናት ውኃ የምንጠጣባት። በአመድ አጥቤ እመልሳታለሁ። አቻላ ለላምባው ለብቻው ዕቃ ያዝለት ብላኝ ነበር፣ ሁለት ጊዜ። ሽታው አይለቅም አለች። እኔ ደግሞ የአፍንጫሽ ችግር ነው አልኳት።

ሐምሌ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆም ሲል ፋኖሴን ሞላሁ። ቅሉ ውስጥ ጥቂት ተረፈ። ወደ ጠርሙሱ ልመልሰው ስል ከወንዙ በኩል ሰው ጮኾ ጠራኝ፤ ጀልባዬ የታሰረችበትን ገመድ ውኃው በጥሶት ልትሄድብኝ ነው። ቅሉን መሬት ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ። ላምባ እንደ ውኃ ነው፣ ቀለም የለውም። ልጅቷ ስትሯሯጥ ውላ ጠምቷታል። ቅሉን ታውቀዋለች። ሌላ ምን ታድርግ።

ጀልባዬን ስቤ ወደ ዳር ሳወጣ ሳሏን ሰማሁ። እህል ትን ያለው ሰው ሳል ዓይነት ነው። ሄጄ አፏን አሸተትኩት። ደረቷ ላይም ፈሷል። ቅሉን አየሁት፣ ትንሽ ነው የቀረው።

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በኛ ወንዝ ውኃ የጠጣን ሰው የምናተርፍበት አሠራር አለ። ጀልባ እንገለብጣለን። ሰውዬውን የጀልባው ጀርባ ላይ በሆዱ እናስተኛዋለን፣ ራሱ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ጀርባውን እንጫናለን፣ ጣት ጉሮሮው ውስጥ እንከታለን፣ ውኃው ይወጣል። እኔ በዚህ ስም ያለኝ ሰው ነኝ። በዚህ እጄ ከሞት የመለስኳቸው ሰዎች ዛሬ ልጆች አሏቸው። ልጅቷ ላምባ ጠጣች፣ ላምባ ደግሞ ፈሳሽ ነው፣ ስለዚህ ይውጣ። የኔ ሐሳብ ይኸው ነበር፣ ከዚህ ሌላ አላሰብኩም።

አቻላ ከማሳ እየሮጠች መጣች። ነገሩን ስትሰማ፣ “አባ፣ አሁኑኑ ወደ ክሊኒክ እንውሰዳት” አለችኝ።

“መጀመሪያ ይውጣላት” አልኳት።

ጀልባውን ገልብጬ ልጅቷን ደፋኋት። ተጫንኳት፣ ጣቴን ከተትኩ፣ አስመለሰች። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። አንድ ጊዜ አልበቃኝም። ወተት አስመጥቼ አጠጣኋትና እንደገና ደፋኋት። በመሀል ትንፋሿ ቁርጥ ብሎ ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። ከወንዝ የወጣ ሰውም እንደዚያ ይሆናል ብዬ ቀጠልኩ። በሦስተኛው የወጣው ወተት ብቻ ነው፣ ሽታ የለውም። ጎረቤት ሁሉ ከብቦ ያያል። አንዱ፣ ይኼ ሽማግሌ ባይኖር ልጅቷ አልቆላት ነበር አለ። እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን እጽፋለሁ ብያለሁና፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

በዚያው ማታ ፋኖሴን ይዤ ወደ ሥራዬ ወጣሁ። አቻላ ደጃፍ ላይ ልጅቷን ታቅፋ ቆማ ታየኛለች።

ሲነጋ ዓሣዬን ይዤ ስመለስ ልጅቷ እሳት ሆናለች። ትተኛለች እንጂ እንቅልፍ አይደለም። ትንፋሿ የሮጠ ውሻ ትንፋሽ ነው። በጀልባ ሽቅብ ቀዝፈን ወደ ክሊኒኩ ወሰድናት። እዚያ ያለው አንድ ድሬሰር ነው፣ ቁስል ከማሰር እስከ ማዋለድ ብቻውን የሚሠራ የደጋ ልጅ፣ ግርማ የሚባል። ከኛ በፊት የመጣው ሕዝብ ግቢውን ሞልቶ በረንዳው ላይ ደርሷል። ሁሉም ተኩሶታል፣ ሁሉም ይንቀጠቀጣል። ተራችን ሲደርስ ግርማ ትኩሳቱ መቼ ጀመረ አለ። ዛሬ ሌሊት አልኩት። ሌላ ነገር አለ ወይ አለ። የለም አልኩት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ላምባው ወጥቷል፣ የወጣን ነገር ምን ያስወራል ብዬ ነው። ይህን ለራሴ የነገርኩት ነው። እውነቱ ግን ቅሉን የተውኩት እኔ መሆኔን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር አፍሬ ነው። አቻላ አጠገቤ ቆማለች። በኛ በአኝዋኮች ዘንድ ምራት አማቷ በተናገረው ላይ አትናገርም፣ በሰው ፊትማ ጭራሽ። መሬት መሬት አየች።

ድሬሰሩ ምን ያድርግ። ሐምሌ ነው፣ ባሮ ዳር ነው፣ ሕፃን ነች፣ ትኩሳት አላት። ማንም ሰው ወባ ነው ይላል። ክሎሮኪን ሰጠን። አልፈርድበትም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ክኒኑን ፈጭተን በውኃ ሰጠናት። ምሬቱ አስመለሳት። እንደገና ሰጠናት። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። የቸርች ሰዎች መጥተው ጸለዩላት። ትኩሳቱ አይወርድም፣ ጡት አትይዝም፣ ስትስል ድምጽ የላትም። ወባ እኮ ቶሎ አይለቅም እያልኩ አቻላን አጽናናለሁ። አጽናናለሁ ስል እጮህባታለሁ ማለቴ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልብሷን ስንገልጥ ጎድኗ ከትንፋሿ ጋር ወደ ውስጥ እየገባ ይወጣል። አፍንጫዋ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እንደ ዓሣ ሆነች። ዓሣ በጀልባ ወለል ላይ እንዴት እንደሚሞት ከኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ተመልሰን ክሊኒኩ ሄድን። ግርማ ሲያያት ተራ እንኳ አላስጠበቀንም። ደረቷን አዳመጠ። ይኼ ወባ ብቻ አይመስለኝም አለ፣ ግን መርፌ ለማዘጋጀት ዞረ። ያኔ አቻላ ተናገረች። እኔን ሳታየኝ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ።

“ላምባ ጠጥታለች። እሱ አስመለሳት። ሦስት ጊዜ።”

ግርማ መርፌውን አስቀመጠ። ዓይኔን አየኝ፣ “አባባ፣ እኔ እኮ ጠይቄዎት ነበር” አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀት ጻፈና ራሱ መንገድ ድረስ በዝናብ ወጥቶ ወደ ከተማ የሚሄድ የጭነት መኪና አስቆመልን። አቻላና ልጅቷ ጋቢና ገቡ፣ እኔ ከላይ ከጆንያው ጋር ሆንኩ። መንገዱ ጭቃ ነው። መኪናው ሁለት ቦታ ተያዘ። ስንገፋ ጋቢናው ውስጥ ዝም ባለ ቁጥር ሞተች ብዬ መግፋቴን እተዋለሁ። ሹፌሩ፣ “ሽማግሌ፣ ትገፋለህ ወይስ ታያለህ?” ይለኛል። መልሼ እገፋለሁ።

ከተማ ሆስፒታል የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። ኮሪደሩ ላይ ሰው ተነጥፏል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ አልተቀመጠም፣ ልጅቷን ከአቻላ እጅ ተቀብሎ እየሄደ ነው የጠየቀን። አየር ያስፈልጋታል አለ። በብረት ጋን የታሸገ አየር አለ፣ ኦክስጅን ይሉታል። ያለው አንድ ነው፣ እሱንም የአንዲት የኑዌር እናት ልጅ ይዞታል። ሲስተሯ ለሁለት እናካፍለው ብላ በእጇ ምልክት አሳየቻት። ሴትየዋ የኛን ልጅ አየች፣ የራሷን አየች፣ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከአንዱ ጋን ሁለት ቱቦ አወጡ። የዚያችን ሴት ስም አላወቅኩም፣ ቋንቋዋንም አልሰማም። እስከ ዛሬ ስጸልይ ያቺ የኑዌር እናት እያልኩ ነው የምጠራት።

ኦቦንግ ተጠርቶ መጣ። ሐኪሙ እንደገና ጠየቀኝ፣ አሁን አልዋሸሁም። የወንዙን አሠራር ከነጀልባው ነገርኩት። እሱ እርስዎ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ፤ አማርኛዬ ያን ያህል ነው።

“አባባ፣ ላምባ ሆድ ውስጥ ቢቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል አይገድልም ነበር” አለኝ። “ቀጭን ነገር ነው። ሲያስመልሱት መንገድ ስቶ ሳንባ ይገባል። ሳንባን ያቃጥላል።”

“እኔ ከውኃ ስንት ሰው አውጥቻለሁ” አልኩት።

“ውኃ ሌላ ነው።”

“ወተትም ሰጥቻታለሁ፣ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ።”

“እሱም ብዙ እንድታስመልስ አደረጋት” አለ። በቁጣ አይደለም። ደክሞታል።

ተከራከርኩት። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፣ ልጅቷ አጠገቤ እየታፈነች ተከራከርኩት። ከዚያ እጄን አየሁ፣ ይኼኛውን ጣት። ላምባው ሳንባዋ የገባው ትንፋሿ ቁርጥ ብሎ ከንፈሯ አመድ የመሰለ ጊዜ ነበር። እኔ ላወጣ ስጫን፣ እያስገባሁ ነበር።

ኦቦንግ ሁሉንም ቆሞ ሰምቷል። ወደኔ ዞረና በቋንቋችን፣ “ጠብቅልኝ ብዬ ነው ለአንተ የተውኳት” አለኝ። ከዚያ በኋላ ለቀናት አላናገረኝም። ይመጣል፣ ለአቻላ ዳቦ ይሰጣል፣ ልጁን ያያል፣ ይሄዳል። እኔ ባጠገቡ እያለሁ እንደሌለሁ ያልፈኛል። መድኃኒት ከውጭ ግዙ ሲሉ ራዲዮኑን ሸጠ። እኔ መረቤን ልሽጥ ብዬ በሰው ላክሁበት፣ መልስ አልሰጠም።

አልጋው ሥር ሲሚንቶ ላይ ነበር የምተኛው። የኦክስጅኑ አየር ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ነው የሚያልፈው። ያን ድምጽ እየሰማሁ አሸልባለሁ፤ የቀነሰ ሲመስለኝ እነሳለሁ። ደረቷ ላይ እጄን ላደርግ እልና እተወዋለሁ፣ በዚያ እጄ ልነካት ፈራሁ። እኔን ውሰደኝና እሷን ተዋት ብዬ አልጸለይኩም። ሰው እንዲህ ሲል እሰማለሁ፣ የሚለውም እንደማይወሰድ ስለሚያውቅ ነው። እኔ ያልኩት፣ ጌታ ሆይ፣ በኔ እጅ አትሙት ብቻ ነው። በሦስተኛው ሌሊት ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሲስተሯ ሐኪሙን ከቤቱ አስጠራችው። አቻላ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ ማንጎው ሥር ቆምኩ፤ የሚሉኝን ላለመስማት ነው የወጣሁት። ፈሪ ነበርኩ። ቆይታ አቻላ ፈልጋኝ መጣች። ሞተች ልትለኝ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

“ግባ፣ አባ” አለችኝ። “ብቻዬን አልችልም።”

ገባሁ። ይህች ሴት የኔን ውሸት ሦስት ቀን ተሸክማልኛለች፣ እንደገና ደግሞ ግባ አለችኝ። ያቺ የኑዌር እናት ቁራጭ ካርቶን ይዛ የኛን ልጅ ታራግብላታለች፣ አንዴ ወደ ራሷ ልጅ፣ አንዴ ወደኛ። እስኪነጋ እጇ አላረፈም።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ጎድኗ መግባቱን ቀነሰ። በሰባተኛው ቱቦውን በእጇ ነቅላ ጣለችው፤ ሲስተሯ ልትመልስላት ስትሞክር ነከሰቻት። ሲስተሯ ጣቷን እያሸች፣ “ይችማ ድናለች” ብላ ሳቀች። ሐኪሙ መጥቶ ፊትና ኋላ አዳመጣት። ሳንባዋ እስኪጠገን ትስላለች፣ ግን ትኖራለች አለ። ትኖራለች የሚለውን ቃል ድገምልኝ አልኩት፣ ደገመልኝ። ውኃ በጣሳ ይዤ ላጠጣት ጎንበስ አልኩ። አፏን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አቻላ ጣሳውን ተቀብላኝ ስትሰጣት ጠጣች። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ እንደዚያው። አልተቀየምኳትም። እኔም ብሆን ከዚያ እጅ አልጠጣም።

በዚያ ማታ ሐኪሙ ሲወጣ ኮሪደር ላይ ተከተልኩት። እንዲህ ያለ ልጅ ሌላ ይመጣል ወይ አልኩት። ይመጣል አለ። ሁሉም ይድናሉ ወይ አልኩት። ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፣ ደህና ይደሩ አባባ ብሎኝ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ወደ ማንጎው ሄድኩ። ጠዋት ጠዋት ካርድ የሚጠብቁ እናቶች እዚያ ሥር ይቀመጣሉ፣ ሲስተሯም ሥራ ሳይጀመር ስለ ጤና ታስተምራቸዋለች። የዚያን ቀን ስለ ወባ ነበር። እስክትጨርስ ጠበቅኩና፣ “ሲስተር፣ እኔም የምናገረው አለኝ” አልኳት። አንተ ደግሞ ምን ልትል ነው በሚል ዓይን አየችኝ፣ ግን ቦታውን ለቀቀችልኝ። በአማርኛ ጀመርኩ፣ ጥቂቶች ሰሙኝ። በአኝዋክ ቋንቋ ደገምኩት፣ ሌሎች ሰሙኝ። የኑዌር እናቶች ግን ፊቴን ብቻ ነው የሚያዩት። ልጆቻቸውን ታቅፈው፣ ይኼ ሽማግሌ ምን ሆኖ ነው ብለው ያዩኛል። ላለቅስ ነበር። እነሱም ቤት ላምባ አለ።

ከኋላዬ ሰው መጣ። ኦቦንግ ነው፣ ወደ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ዳቦ ይዞ መጥቶ። ቢሮ ውስጥ የሦስቱንም ቋንቋ ሰው ስለሚያስተናግድ ኑዌርኛ ጥርት አድርጎ ያውቃል። ዳቦውን ብብቱ ሥር አድርጎ አጠገቤ ቆመ።

“ከመጀመሪያው ጀምር፣ አባ” አለኝ። “ቀስ እያልክ።”

ላምባውን ልጅ ከሚደርስበት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። ቆም አልኩ፣ ተረጎመ። በግድ ያስመለስኳት እኔ ነኝ፣ ወተትም ያጠጣሁ እኔ ነኝ፣ ሳንባዋን ያቃጠለው እሱ ነው አልኩ። ተረጎመ። ድሬሰር ሲጠይቀኝ አፍሬ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ይህንንም ተረጎመው፣ ምንም አልቀነሰም። ከኋላ አንዲት ወጣት እናት እጇን አውጥታ አንድ ነገር ጠየቀች። ኦቦንግ ወደኔ ዞሮ፣ “ታዲያ ምን እናድርግ ትላለች” አለኝ።

“አታስመልሱ በላት” አልኩት። “ላምባው የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ገላውን በሳሙና እጠቡ፣ ተሸክማችሁ ወደ ክሊኒክ ሩጡ። ስትደርሱ እውነቱን ተናገሩ።”

ነገራት። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀችና አጠገቧ ላለችው ነገረቻት።